ባሕር ያላየ የጠላቂ ሰዓት ሰብሳቢ

(ደብረ ብርሃን ላይ የድሮ ዕቃና የእጅ ሥራ ወዳጆች አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበን የተናገርኩት ነው። ከድምፅ ቅጂው እንዳለ የተገለበጠ ነው፤ የተቀነሰው ሳሌ ብቻ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ! ደኅና ናችሁ ወይ? እግዚአብሔር ይመስገን። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ብርድ ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ ይሰማል? ይሰማል፤ ጥሩ። ባርኖስ የለበሳችሁ አባቶች ከፊት መቀመጣችሁ ደስ ብሎኛል። በኋላ በምስክርነት እጠራችኋለሁና እንዳትተኙብኝ። (ሳቅ)

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ አጉሊ መነጽር ዓይኔ ላይ፣ ወረንጦ እጄ ላይ ነው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩዋቸው 14 ሰዓቶች ናቸው። 13ቱ የኔ፣ አንዱ የሰው ነው። ሁሉም ጠላቂ፣ ማለትም ባሕር ውስጥ የሚሰጥም ዋናተኛ፣ እጁ ላይ እንዲያስረው የተሠሩ ናቸው። ባትሪ የላቸውም። በሞላ የሚሄዱ፣ ጥርስ በጥርስ የሚነዱ ናቸው። አብዛኞቹ መልካቸው እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹና የ60ዎቹ፣ ሥራቸው ግን የቅርብ ጊዜ ነው።

ጥያቄያችሁን አውቀዋለሁ። ልጄ ጠይቃኛለች። ባለቤቴማ በየወሩ ትጠይቀኛለች፤ “አንተ ሰው፣ በሬሳ ወንዝን ድንጋይ ላይ እየዘለልክ የምትሻገር፣ ዋና የማታውቅ፣ ባሕር በፎቶ ያየህ! 200 ሜትር የሚሰጥም ሰዓት ለምንህ ነው?”

እንግዲህ ምስክሮቼን ልጥራ። አባቴ፣ እርስዎ፤ አዎ እርስዎ። ባርኖሱ የመንዝ ነው አይደል? ባርኖስ ለማን ተሠራ? ጓሳ ላይ በውርጭና በዝናብ ለሚውል እረኛ። ዛሬ እርስዎ አዳራሽ ለብሰውት ሲገቡ “በጎችዎ የት አሉ?” ያለዎት ሰው አለ? (ሳቅ፣ ጭብጨባ) የለም። ሱፉ የተፈተለበት፣ ክሩ የጠበቀበት፣ ትከሻው ላይ እንዲያ ያለ ቅርጽ የያዘበት ምክንያት ስላለው ነው ልብሱ የሚያምርብዎት። እኔም ይህችን ሳስር “ባሕርህ የት አለ?” አትበሉኝ።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህን ሰዓት ለዓለም ያስተዋወቀችው ስዊዘርላንድ ባሕር አላት? የላትም! ተራራ ናት፣ ብርድ ናት፣ ላም ናት። ጁራ በሚባለው ተራራዋ ገበሬው በረዶ ሲዘጋበት፣ ከብት በረት ሲገባ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የሰዓት ጥርስ ይሞርድ ነበር። መንዝ ላይ ክረምት ሲገባ እንዝርት እንደሚሾረው ማለት ነው። አልፍሬድ ኢልግ የሚባለው ስዊዘርላንዳዊ እኮ እ.ኤ.አ. በ1879 ምኒልክ ጋ የመጣው እዚሁ እኛው ዘንድ፣ አንኮበር ነው። ከተራራ ተነሥቶ ተራራ ወጣ፤ እንግድነትም የተሰማው አይመስለኝም።

ዛሬ ሦስት ነገር ልናገር ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ እነዚህ ሰዓቶች ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር ለምን እንደተሠመረ። ሁለተኛ፣ እውነተኛውን አሮጌ ትቼ የአሮጌ መልክ ያለውን አዲስ ለምን እንደምሰበስብ። ሦስተኛ፣ “ብርቅ” የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ። ሦስተኛው ላይ ገንዘብ ስላለበት እዚያ ስደርስ ነው የምትነቁት። (ሳቅ)

አንደኛው።

እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፤ ከዚህ ወዲያ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ቦብ ማሉቢዬ እና ክሎድ ሪፎ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን መኮንኖች በውኃ ውስጥ የሚዋጋ ጓድ ያደራጁ ነበር። ሌሊት፣ ድፍርስ ውኃ ውስጥ የሚነበብ ሰዓት ፈለጉ። ብላንፓ የሚባለው ሰዓት ሠሪ እሺ አላቸው፤ የድርጅቱ መሪ ዣን ዣክ ፊሽቴ ራሱ ጠላቂ ነበር። ጥቁር ገጽ፣ ትልልቅ ምልክት፣ ዙሪያውን የሚሽከረከር ቀለበት ጠየቁት። ማሉቢዬ በኋላ ሲያስታውሰው ምልክቶቹ ለእረኛ እንደሚያበሩ ከዋክብት እንዲታዩ ነበር የፈለግነው ብሏል። እረኛ አለ! ጥልቅ ባሕር ውስጥ የሚዋጋ ሰው ትዝ ያለው እረኛ ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሱቄ ውስጥ ሳቅሁ። ሰዓቱ “ሃምሳ ፋቶም” ተባለ፤ ፋቶም የባሕር ጥልቀት መለኪያ ነው፣ ሃምሳው 91 ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚያው ሰሞን ሮሌክስም ሰብማሪነር የሚባለውን የጠላቂ ሰዓቱን አወጣ።

አሁን ይህችን በቅርብ ላሳያችሁ። ከፊት ያላችሁ ጠጋ በሉ። የደቂቃ ቆጣሪው ከሰዓት ቆጣሪው ይልቅ ወፍራምና ጎላ ያለ ነው፤ አያችሁ? ጠላቂ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግድ የለውም። ስንት ደቂቃ ቆየሁ፣ አየሬ መቼ ያልቃል፣ እሱ ነው ጭንቁ። ሰከንድ ቆጣሪው ጫፉ ላይ የምታበራ ነጥብ አለችው። ለምን? ሰዓቱ አለመቆሙን በጨለማ እንድታውቅ ነው። ቆሞ የቀረ ሰዓት አምኖ ውኃ ሥር መቀመጥ ሞት ነዋ! ይህ ሁሉ ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተጽፎ ተቀምጧል፤ አይ ኤስ ኦ 6425 ይሉታል። ቢያንስ 100 ሜትር፣ በጨለማ ከ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት መነበብ፣ ሌላም ሌላም።

ቀለበቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ውኃ ስትገባ ይህቺን ሦስት ማዕዘን ከደቂቃ ቆጣሪው ፊት ታመጣታለህ። ከዚያ ወዲያ ሒሳብ የለም፤ ቆጣሪው ቀለበቱ ላይ የደረሰበት ቁጥር ውኃ ውስጥ የቆየህበት ደቂቃ ነው። እና ወደ አንድ በኩል ብቻ ነው የሚዞረው። ስሙት፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ወደዚህ ግን እምቢ! ለምን ይመስላችኋል? ድንገት ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ቢዞር፣ የቆየህበትን አብዝቶ እንጂ አሳንሶ እንዳያሳይህ ነው። ቢሳሳት እንኳ ቶሎ እንድትወጣ ነው የሚሳሳተው። እስቲ ሲሳሳት እንኳ ላንተ አድልቶ የሚሳሳት ዕቃ ቤታችሁ ውስጥ ስንት አለ?

ዶክሳ የሚባለው ሰዓት ሠሪ በ1967 ብርቱካንማ ገጽ ያለው አወጣ፤ ቀለበቱ ላይ ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይልን ሠንጠረዥ ቀረጸበት። 60 ጫማ ከወረድክ 60 ደቂቃ፣ 100 ጫማ ከወረድክ 25 ደቂቃ። ከዚያ በላይ ከቆየህ በቀጥታ መውጣት የለም፤ እየቆምክ፣ እያረፍክ ነው። አለበለዚያ ደምህ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን እንደ ተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሆንብሃል።

የግፊት ነገር ከተነሣ ጣርማበርን ላንሣ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ዋሻውን አልፋችሁ ስትወርዱ ጆሯችሁ ይደፈናል አይደል? ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ የላስቲክ ውኃ መያዣው ይጨማደዳል። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ካለው ጫፍ ሸዋ ሮቢት ድረስ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፤ ያ ሁሉ ቁልቁለት፣ ያ ሁሉ ጥምዝማዝ የሚጨምረው ግፊት ሲሰላ ስንት ይመስላችኋል? ከሁለት ሜትር ውኃ አይበልጥም! ሁለት ሜትር! ሰው ቆሞ የሚሰጥምበት ጉድጓድ ማለት ነው። ይህች ሰዓት ደግሞ 200 ሜትር የተባለላት ናት። እኔ ባሕሩን ባላውቀውም ጣርማበርን አውቀዋለሁ። በዚያ ስለካው ነው የሰዓቱ ጉልበት የገባኝ።

አንድ ሾፌር ደንበኛ አለኝ፤ መስመሩ ሸዋ ሮቢት ነው። አንድ ቀን መጣና “ሰዓቴ ጣርማበር ላይ ሲደርስ ያለቅሳል” አለኝ። ያለቅሳል? “አዎ፣ መስታወቱ በውስጥ በኩል እንባ ያወጣል። ደብረ ብርሃን ገብቼ ሻይ ስጠጣ ይደርቃል።” ቀን ላይ አምጥቶ ሲያሳየኝ ምንም የለበትም። ተአምር መሰለው እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። የጀርባው ጎሚኒ ደርቋል፤ ቆላ ላይ ሞቅ ያለው እርጥብ አየር ይገባል፤ ዳገቱን ወጥቶ ብርዱ መስታወቱን ሲመታው ያ እንፋሎት ውኃ ይሆናል። እኛ ሠራተኞቹ እንዲህ ነው የምንፈትነው፦ ሰዓቱን ሞቅ እናደርግና መስታወቱ ላይ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውኃ እናሳርፋለን። ጠብታውን ስንጠርገው ከሥሩ በውስጥ በኩል ክብ ጉም ከታየ፣ እርጥበት ገብቷል ማለት ነው። ጎሚኒውን ቀየርኩለት፤ ለቅሶው ቆመ። የዚያን ቀን ነው ሰዓት ውኃ አያስገባም ማለት አየርም አያስገባም ማለት እንደሆነ በእጄ ያየሁት።

አሁን የሰው ነው ወዳልኳችሁ ሰዓት ልምጣ። ይቺ ናት።

ገና ተለማማጅ ሳለሁ ነው። በደርግ ጊዜ ምጽዋ ባሕር ኃይል ያገለገሉ ጎረቤት ነበሩን፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ ስማቸውን አልጠራም። መንግሥት ሲለወጥ አገራቸው ገቡ። ከባሕሩ ያመጡት አንድ ሻንጣና ይህቺን ሰዓት ነው። ሩሲያ ሠራሽ ናት፤ ቮስቶክ አምፊቢያ። ከ1967 ጀምሮ ቺስቶፖል በምትባል ከተማ ሲሠሯት የኖረች፣ 200 ሜትር የምትችል። መስታወቷ ወፍራም ፕላስቲክ ነው፤ ውኃው ሲጫናት ይበልጥ ወደ ማቀፊያዋ ትጣበቃለች። ፈረንጅ ጉልበት ጨምሮ ግፊቱን ሲታገል፣ ሩሲያው ግፊቱን ራሱን ዘበኛ አድርጎ ቀጠረው። ብልሃት ማለት ይህ ነው።

እና እኚህ ሰው ሰዓቷ ቆማባቸው ሱቅ መጡ። ጌታዬ የለም፤ ለቅሶ ሄዷል። እኔ ጎረምሳ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ። የመሙያውን ጉጥ ፈታሁት። ሲፈታ ወለም ዘለም ይላል። “ኧረ ይህ ዘንጉ ታጥፏል” አልኩ። ፒንሳ አነሣሁ። አቃናዋለሁ ብዬ ቀጭ! ሰበርኩት።

ሰውየው ሳቁ። “ልጄ፣ እሱ እኮ እንዲወላወል ነው የተሠራው” አሉኝ። ለካ ጉጡ ሲፈታ ከዘንጉ ጋር ተለያይቶ እንዲንቀሳቀስ ተብሎ ነው፤ ቢመታ ዱላው ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ። ደኅናውን በሽተኛ ብዬ ገደልኩት። ዘንግ ፍለጋ ሦስት ወር ፈጀ፤ በመጨረሻ ከሞተች እኅቷ ተነቅሎ መጣ። በነዚያ ሦስት ወራት ሰውየው አንድም ቀን አልተቆጡኝም። የተቆጡት ባለቤታቸው ናቸው። ለምን? እትዬ ድፎ ዳቦ ሲደፉ ጊዜውን የሚይዙት በዚህች ቀለበት ነበር! ባልየው አስተምረዋቸው፣ ዳቦው እሳት ላይ ሲወጣ ቀለበቱን ያዞራሉ፣ ቆጣሪው 50 ላይ ሲደርስ ያወጣሉ። የዚህችኛዋ ቀለበት በሁለቱም በኩል ስለሚዞር “ሕፃናት እንዳይነኩብኝ” እያሉ ጋቢያቸው ሥር ይደብቋት ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ዳቦው በግምት ተጋገረ። አንዱ ጥሬ፣ አንዱ ከሰል። ያረረውን ቆርሰው ሱቅ ድረስ ልከውልኛል። (ሳቅ) በላሁት፤ ምን ላድርግ።

የኔ ፍቅር የጀመረው እዚያ ነው። ሳይገባኝ የሰበርኩት ዕቃ ስለገባኝ።

ሁለተኛው። ጊዜዬ እየሄደ ነው አይደል? እሺ።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1969፣ በፈረንጆቹ የገና ዕለት፣ የጃፓኑ ሲኮ አስትሮን የተባለውን ባለ ኳርትዝ፣ ማለትም በባትሪ የሚሄድ፣ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ላይ ለገበያ አወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው እልቂት ነው። በስዊዘርላንድ በሰዓት ሥራ የሚተዳደረው ሰው ከ90 ሺህ ገደማ ተነሥቶ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30 ሺህ ገደማ ወረደ። ጠላቂዎቹም በኋላ ኮምፒውተር እጃቸው ላይ አሰሩ። ባለ ሞላው ሰዓት ከውኃ ወጣ። ሥራ ፈታ፤ እውነቱ ይህ ነው። እና ሥራ ከፈታ በኋላ ነው ሰው የወደደው! ከሰዓት ሠሪ ድርጅቶቹ ሎንጂንስ የ1959 መልኩን በ2007፣ ቱዶር ብላክ ቤይ የሚለውን በ2012፣ ኦሪስ የ1965ቱን በ2015፣ ሲኮ የ1965 የመጀመሪያ ጠላቂ ሰዓቱን በ2017 በ2,000 ፍሬ ብቻ መለሱት።

“እውነተኛውን አሮጌ ለምን አትሰበስብም?” ትሉኛላችሁ። ሰብስቤ ነበር። የጥንቶቹ በጨለማ የሚያበሩት ራዲየም በሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነው፤ ራዲየም ከ1,600 ዓመት በኋላም ግማሹ አለ። ብርሃኑ ይሞታል፣ መርዙ ይቀራል። ያንን ከፍቼ አቧራውን መተንፈስ አልፈልግም። ጎሚኒው ደርቋል፣ መለዋወጫው የለም፣ እጅህን ስትታጠብ ልብህ ይመታል። አዲሱ ግን ያው መልክ፣ ያው ደንዳና መስታወት፣ ያቺው 38 ወይም 39 ሚሊ ሜትር የምታህል ልከኛ ቁመና አለው። ውስጡ ደግሞ እዚሁ ደብረ ብርሃን የሚጠገን ሞተር ነው። ይህችኛዋ ውስጥ ያለው የጃፓን ኤን ኤች 35 የሚባለው ነው፤ ጥርሶቹ የሚሽከረከሩባቸው 24 ድንጋዮች፣ በሰከንድ ስድስት ምት፣ ከሞላ 41 ሰዓት ይሄዳል። ቢበላሽ ሙሉውን አውጥቼ ሌላ እተካለሁ። አሮጌውን የሚወድ ይውደድ፤ እኔ ዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲታሰር አልወድም።

አንድ የማይጥመኝ ነገር ግን አለ። አንዳንዶቹ አዲሱን ነጭ ቀለም ቢጫ አድርገው ያረጀ ያስመስሉታል። ይህ በ20 ዓመቱ ሽበት የተቀባ ጎረምሳ ነው። ሽበት ይመጣል፤ ምን አስቸኮለው?

ሦስተኛው፣ ገንዘቡ። ነቃችሁ አይደል? (ሳቅ)

ትንንሽ ሰዓት ሠሪዎች አሉ፤ ሁለት ሦስት ሰው ሆነው 100 ወይም 300 ፍሬ ብቻ አሠርተው ያቆማሉ። ጀርባው ላይ ቁጥሩ ይጻፋል። ሰብሳቢው ለዚያ ቁጥር ያብዳል። እኔም አብጃለሁ፤ አልዋሽም። ግን ሰው ያመጣው ብርቅነትም አለ። ጃንሆይ በ1954 ተሰጣቸው የተባለው ፓቴክ ፊሊፕ የሚባል ሰዓት በ2017 ጄኔቫ ላይ ሊጫረት ሲል፣ የማን ነው የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ከጨረታው ወጣ። ያ የጠላቂ ሰዓት አይደለም፤ ግን እዩት፣ ብረቱን አይደለም የተከራከሩበት።

እኔ ደግሞ የተታለልኩበት ልንገራችሁ፤ ወጣቶች በተለይ ስሙኝ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ነጋዴ የ1960ዎቹ የጠላቂ ሰዓት አለኝ አለኝ። መርካቶ ነው ብቻ ልበላችሁ። “አንድም እጅ አልነካውም” አለኝ። ገጹ ጥቁር፣ ምልክቶቹ ያማሩ። የሦስት ወር የሱቅ ኪራይ ከፈልኩ። ማታ አልጋዬ ራስጌ አስቀምጬው መብራት ሳጠፋ ቦግ! ብሎ አበራ። ባለቤቴ “እንዴት ያምራል” አለች። እኔ ቀዘቀዝኩ። ለምን? የዚያ ዘመን ሰዓት የሚያበራበት ትሪቲየም፣ በራዲየም ፋንታ የገባው ንጥረ ነገር፣ በየ12 ዓመቱ ግማሽ ግማሹን እየጣለ የሚሄድ ነው። 50 ዓመት የሞላው ሰዓት እስኪነጋ ካበራ፣ ትናንት የተቀባ ነው! ጠዋት ከፈትኩት። ገጹ አዲስ ሥዕል፣ ሞተሩ ከሌላ ሰዓት፣ የጀርባው ቪቴ በካቻቪቴ የተፋጀ። ፎርጅድ። ሰዓት ሠሪው እኔ፣ የተሸወድኩትም እኔ! ያ ሰዓት እዚህ አለ፤ ከግራ ሦስተኛው። ለመማሪያ ነው የማስቀምጠው። እንግዲህ የዓይን ፍቅር ሲይዛችሁ መብራት አጥፉና እዩት። የሚያበራውን ፍሩ።

ጥያቄ? እሺ፣ እዚያ ያለኸው ልጅ። … ቀለበቱን ለኢትዮጵያ ሰዓት ትጠቀምበታለህ ወይ? ጎበዝ! የደቂቃ ቀለበት ያለው አይሆንም። ግን 12 ሰዓት የተጻፈበት ቀለበት ያላቸው አሉ፤ ይቺ አንዷ ናት። 6ን ወደ ላይ አምጣው። አሁን ገጹን ስታነብ የፈረንጁን፣ ቀለበቱን ስታነብ የኛን ነው። ቆጣሪው 9 ላይ ነው፣ ቀለበቱ 3 ይላል። እኛ ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊቱን ማንበብ ለምደናል፤ ላንተ ይቅለልህ።

በሉ ሰዓቶቹ ይዙሩ፤ ንኩዋቸው፣ አሽከርክሩዋቸው። ጉጡን ግን ፈታ አድርጉ እንጂ በኃይል አትሳቡ፤ ቢወላወልባችሁም አታቃኑት! (ሳቅ) ያቺን ሩሲያዪቱን ደግሞ ቶሎ መልሱልኝ። ልግዛት ብዬ ሁለት ጊዜ እትዬን ለምኛቸው ነበር፤ “ዳቦዬን በምን ልያዝ?” ብለው መለሱኝ። ዛሬም ለናንተ ለማሳየት ያዋሱኝ እስከ ማታ ብቻ ነው፤ ነገ እሑድ ነው፣ ሊጡን አቡክተው እየጠበቁኝ ነው።